ሁለት ሌሊት በሐሙሲት፦ ስለ ጥንዶች ዕረፍት የሚባለውና እውነቱ

ባልና ሚስት ልጃቸውን ለዘመድ አደራ ብለው፣ ሥራቸውን ዘግተው ለሁለት ሌሊት ከከተማ ወጣ ማለታቸው የፈረንጅ ነገር ነው የሚል እምነት በብዙ ቤት አለ። «ሰው ምን ይለናል?» ይባላል። ገንዘብ ቢኖር እንኳ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለቤት ኪራይ፣ ለዕቁብ ይሁን እንጂ ሁለት አዋቂ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ለሚያርፉበት አይወጣም።

የራሳችን ታሪክ የሚነግረን ሌላ ነው። በ1870ዎቹ የምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ላይ ነበር፤ ብርድና ነፋስ የማይለየው ተራራ። ንጉሥ ምኒልክና ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል ከመኳንንቱ ጋር ወደ ሜዳው እየወረዱ፣ ፍል ውሃው አጠገብ ድንኳን ተክለው ይታጠቡ፣ ያርፉ ነበር። ጣይቱ ቦታውን ስለወደዱት በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩበት፤ አዲስ አበባ የሚለውንም ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው ባልና ሚስት ለዕረፍት ይወርዱበት በነበረ ሜዳ ላይ ነው። የጫጉላን ጊዜም አስቡት፤ ሙሽሮቹ ሥራ አይነኩም፣ ሚዜ ያገለግላቸዋል፣ የበሰለ ይቀርብላቸዋል፣ የሚጠበቅባቸው መተዋወቅ ብቻ ነው። ባህላችን ለጥንዶች ዕረፍትን ያውቃል። ችግሩ አንድ ጊዜ ፈቅዶ፣ ከዚያ በኋላ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት መዝጋቱ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያነሳሳኝ የባሕር ዳር ሰው ነው። ለዕረፍት ሲያስብ ወይ ከቤቱ ፊት ያለውን ሐይቅ ዳር ያስባል፣ ወይ አዲስ አበባን፣ ሲያልፍም ሀዋሳን። በቅርብ ያለውን፣ በአንድ ሰዓት የሚደረሰውን የፎገራን ሜዳ አያስበውም። ስለዚህ ሜዳና ስለ ዕረፍት ራሱ ከሚነገረው ብዙው ስሕተት ነው፤ ከስሕተቱም ሰው የሚጎዳበት አለ።

«ሐሙሲት ምን አለና?»

ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ዓባይን ትሻገራላችሁ። ከግንቦት 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምትሻገሩት 380 ሜትር በሚረዝመው አዲሱ ድልድይ ነው። የጎንደርን መንገድ ይዛችሁ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ደራ ወረዳ ውስጥ ሐሙሲትን ታገኛላችሁ። ወደ አንበሳሜና ወደ እስቴ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው እዚሁ ነው። ትንሽ ወደፊት ወረታ አለች፤ ከዚያ ደግሞ የደብረ ታቦር መንገድ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ብዙ ሰው ሐሙሲትን የሚያውቃት ከሚኒባስ መስኮት ነው፤ የቆመባት ካለም ሻይ ለመጠጣት ነው።

እውነቱ ይነገር፤ ሐሙሲት ሪዞርት አይደለችም። የመዋኛ ገንዳ፣ ማሳጅ፣ የሻማ እራት የሚፈልጉ ጥንዶች ባሕር ዳር ቢቀሩ ይሻላቸዋል። መብራት ሊጠፋ፣ ውሃ ሊቋረጥ ይችላል። አልጋ ከመያዛችሁ በፊት ክፍሉን አይታችሁ፣ አጎበር መኖሩን፣ የመስኮቱ ወንፊት አለመቀደዱን አረጋግጡ፤ ስለ አጎበሩ በኋላ እመለስበታለሁ።

ያለው ግን ቀላል አይደለም። ዙሪያዋ ያለው የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን ያወረዱትን አፈር እያነጠፉ የሠሩት ሜዳ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ሩዝ ሲባል ቀድሞ የሚጠራው ይህ ሜዳ ነው። ሩዙ የገባው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በኩል ሲሆን፣ ገበሬው ለረጅም ጊዜ ሲዘራው የኖረው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው እዚሁ ደራ ካለችው ጅግና ነው። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም ወረታ ላይ ነው። ሩዝ የፒላፍ እህል ብቻ የሚመስለው የከተማ ሰው እዚህ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ የተጋገረ እንጀራ ይቀርብለታል፤ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ ነገር ግን ካደረ ቶሎ የሚደርቅ ስለሆነ ትኩሱን መብላት ነው። ጠላውና አረቄውም ከሩዝ ይሠራል።

«ክረምት ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው፤ ለሽርሽር ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም» የሚለውን ግን አትቀበሉት። በሐምሌና በነሐሴ ይህ ሜዳ ውሃ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅለዋል። መንገዱ አስፋልት ቢሆንም ከአስፋልቱ ወርዳችሁ የምትረግጡት መሬት አይኖርም። ከጥቅምት ጀምሮ ግን ሩዙ ቢጫ እየሆነ ይመጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳው ይደርሳል፤ ከዚያ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፣ ውሃ ያለው ደግሞ ሽንኩርት ያለማል። በዚህ ወቅት ክሬን የሚባሉት ረጅም እግር ወፎች ከአውሮፓና ከሩሲያ ወርደው ሸሸርና ወላላ በሚባሉት ረግረጎች ዙሪያ ይሰፍራሉ። የሀገሬው ዘውዳማ ክሬንም እዚያው አለ። ክሬን ከአንድ ጓደኛው ጋር ለዓመታት የሚኖር ወፍ ነው፤ በመንጋው ውስጥ እንኳ ትኩር ብላችሁ ስታዩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲለቅሙ ታያላችሁ። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጭጋጉ ከሩዙ ቃርሚያ ላይ ሳይነሳ፣ ከብት ወደ ግጦሽ ሲነዳ እነሱም አብረው ይነሳሉ። ይህን ለማየት የመግቢያ ትኬት አይጠየቅም፤ ሜዳው የሰው እርሻ ስለሆነ ግን የገበሬውን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታችሁ ነው።

«ሁለት ቀን ምን ዋጋ አለው?»

ዕረፍት ዕረፍት የሚሆነው ሲረዝም ነው ብለው ዓመቱን ሙሉ የሚያጠራቅሙ አሉ። በኔዘርላንድ ራድቦውድ ዩኒቨርሲቲ ጄሲካ ደ ብሉምና ባልደረቦቿ ረጅም ዕረፍት የወጡ ሠራተኞችን ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። ዕረፍቱ በአማካይ 23 ቀን የፈጀ ነበር። የሰዎቹ ጤናና ደስታ በፍጥነት ጨምሮ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በስምንተኛው ቀን አካባቢ ነው፤ ወደ ሥራ በተመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ጥቅሙ ጠፍቷል። እኔ ከዚህ የምረዳው ዕረፍት ከንቱ ነው ብዬ አይደለም፤ ሊጠራቀም አይችልም ብዬ ነው። እንቅልፍ በዓመት አንድ ጊዜ ተኝተው የሚጨርሱት አይደለም፤ ዕረፍትም እንዲሁ ነው። በየሦስት ወሩ ሁለት ሌሊት መውጣት በአምስት ዓመት አንዴ ዱባይ ከመሄድ ለትዳር ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

«ፈቃዴን በገንዘብ ለውጬዋለሁ» የሚልም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ ቀን ይታከልለታል። ይህን መብት የሚያስቀር ስምምነት ፈራሽ ነው፤ አዋጁ ሌላ ካልደነገገ በቀር በፈቃዱ ምትክ ገንዘብ መክፈልም ክልክል ነው። ሲያገቡ ደግሞ ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሕጉ ዕረፍታችሁን እንዳትሸጡት የከለከለው ሊጎዳችሁ አይደለም። ሁለታችሁም ተቀጣሪ ከሆናችሁ ዓርብና ሰኞን በአንድ ላይ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ፈቃዳችሁን ግን ለየመሥሪያ ቤታችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ።

«ሚስቴ ስላለች ስለ ምግብ አናስብም»

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካኝ እምነት ይህ ነው፤ ማንም እንደ እምነት ስለማይቆጥረው።

ሲወጡ ተመልከቱ። ከዋዜማው ጀምሮ ሽሮው ይፈጫል፣ በርበሬው ይቋጠራል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ልጁ የሚቀርበት ዘመድ ቤት የሚላከው ልብስ ይታጠባል። የከሰል ምድጃው፣ ድስቱ፣ ጀበናው በማዳበሪያ ታስሮ ሚኒባሱ ላይ ይጫናል። ሲደርሱ እሱ ጫማውን አውልቆ ጋደም ይላል፤ እሷ ከሰል ታቀጣጥላለች። «አንተ ታጠብ፣ እኔ ወጡን ላውጣና እመጣለሁ» ትላለች፤ ወጡ ሲወጣ ቡና ይቀጥላል፣ ቡናው ሲያልቅ ዕቃ ይታጠባል። ማታ እሱ «ጥሩ ዕረፍት ነበር» ሲል እውነቱን ነው። ለእሱ ነበር።

ዕረፍት የሁለት ሰው የሚሆነው ሁለቱም ሥራ ሲያቆሙ ነው። ሐሙሲትም ወረታም የሚበላ ምግብ ቤት አላቸው፤ ሽሮና የጣና አሣ ይገኛል፤ ቆሮሶውን ጠብሰው፣ አምባዛውን ጎላሽ ሠርተው ያቀርባሉ። ምግብ ገዝቶ መብላት ያስወጣል፤ ግን ለአልጋና ለመኪና ከፍሎ ሚስትን የዕረፍት ቦታ ወጥ ቤት ውስጥ ማዋል ደግሞ የከፈሉበትን ግማሹን መጣል ነው። ገንዘቡ ካልበቃ ከሁለት ሌሊት አንድ ሌሊት ማድረግ ይሻላል። ምድጃውን ግድ ይዛችሁ ከሄዳችሁም አንዱን ቀን እሱ ያብስል።

ወንድ ምድጃ አጠገብ አይታይም የሚል ካለ ከወረታ የደብረ ታቦርን መንገድ ይዞ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሂድና አውራምባን ይይ። በአቶ ዙምራ ኑሩ መሥራችነት በ1964 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ማኅበረሰብ የሴትና የወንድ ሥራ ብሎ አይለይም፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል፣ ያበስላል፣ ልጅ ይይዛል። የሚጦሩ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት አላቸው። ስለነሱም ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል፤ ፈጣሪን አያምኑም ይባላል፣ ጋብቻ የላቸውም ይባላል። በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ፤ ለብቻው የተሠራ የአምልኮ ቤት ግን የላቸውም። ይጋባሉም፤ ድግስ አይደግሱም፣ ጥሎሽ የለም፣ የሚጋቡት ሁለቱ ተዋደው ሲስማሙ ነው። እንግዳ ይቀበላሉ፤ ያስጎበኛሉ፣ ማደሪያም አላቸው፤ የሸመኑትን ጋቢና ነጠላ ይሸጣሉ። ጥንዶች ግማሽ ቀን አውራምባ ውለው ሲመለሱ መንገድ ላይ የሚነጋገሩት ነገር አያጡም፤ የጉዞው ጥቅም ደግሞ አንዱ ይህ ነው። አርተር አሮን የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ አዲስ ነገር አብረው የሚያደርጉ ጥንዶች የለመዱትን ብቻ ከሚያደርጉት ይልቅ በግንኙነታቸው የበለጠ ደስ እንደሚላቸው አሳይተዋል። አዲሱ ነገር ውድ መሆን የለበትም።

ዋንዛዬ፦ ፍል ውሃው የሚያደርገውና የማያደርገው

ከሐሙሲት በስተምሥራቅ ጉማራ ወንዝ አካባቢ ዋንዛዬ ፍል ውሃ አለ። የአካባቢው ሰው ለዘመናት ሲጠቀምበት የኖረ ነው። ጉማራ ራሱ ሊታይ የሚገባው ወንዝ ነው፤ ነጭ አሣ የሚባሉት የጣና አሣዎች ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ሽቅብ እየዋኙ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በእሱና በገባሮቹ ነው። እንደ ሆቴል ገንዳ ጎን ለጎን ተቀምጦ መዋል ግን አትጠብቁ፤ የሴትና የወንድ መታጠቢያ ሰዓትም ሆነ ቦታ ሊለይ ስለሚችል የቦታውን ሥርዓት ጠይቃችሁ አክብሩ።

ስለ ፍል ውሃ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ከእሱም እውነት የሆነው አለ። ሙቅ ውሃ የደነደነ ጡንቻን ያላላል፣ የመገጣጠሚያ ሕመምን ያስታግሳል፣ ማታ እንቅልፍ ያመጣል። ለሳምንት ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ ለከረመ ወይም ሱቅ ስትቆም ለከረመች ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«በሞቀ መጠን ያድናል፣ በቆዩ መጠን ይሻላል» የሚለው ግን ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሙቅ መታጠቢያ የሚያስቀምጠው ጣሪያ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የተፈጥሮ ፍል ውሃ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ሙቀት የደም ሥርን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከውሃው ድንገት ሲነሳ ዓይኑ ሊጨልም፣ ሊወድቅ ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ከሆነ ሲቃጠል አይሰማውም፤ ቀድሞ በክንዱ ወይም በትዳር ጓደኛው እጅ ይለካ። አሥር፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ መጠጣት። አረቄ ቀምሶ መግባት አደገኛ ነው።

ብዙ ጥንዶች ወደ ፍል ውሃ የሚሄዱት ልጅ ፈልገው ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ጉዳዩ ብዙ ዕንባ ያለበት ነው። በተለምዶ ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሚስት ላይ ነው፤ የምትነከረውም፣ የምትጾመውም፣ ወዲያ ወዲህ የምትባለውም እሷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በሕይወቱ ውስጥ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል፤ ባል የችግሩ ሙሉ ወይም ከፊል ምክንያት የሚሆንበትም ጊዜ ወደ ግማሽ ይጠጋል። የወንድ ዘር የሚመረተው ከሰውነት ሙቀት ሁለት እስከ አራት ዲግሪ ዝቅ ባለ ሙቀት ውስጥ ነው፤ የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለውም ለዚህ ነው። በየቀኑ በሙቅ ውሃ ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ የዘር ብዛትንና እንቅስቃሴን ይቀንሳል፤ አዲስ ዘር ተመርቶ እስኪተካ ደግሞ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ልጅ ፈልጎ ዋንዛዬ የሄደ ባል ለሳምንት ተዘፍዝፎ ሲመለስ የፈለገውን ነገር ራሱ አዘግይቶት ሊሆን ይችላል። አንድ ዓመት ሞክረው ያልተሳካላቸው፣ ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር የሞከሩ ጥንዶች ሁለቱም አብረው ይመርመሩ። የወንዱ ምርመራ ከሴቷ ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ከእሱ መጀመር ብዙ ያተርፋል።

ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ልትሆን እንደምትችል ከጠረጠረች ፍል ውሃው ይቅርባት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእናት የሰውነት ሙቀት በጣም ሲጨምር በፅንሱ የአከርካሪና የአንጎል አሠራር ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። እግሯን ለብ ባለ ውሃ ብትነክር ችግር የለውም።

«ከገባሁ በኋላ መድኃኒቱን አቁሜዋለሁ» የሚለውን አንድም ሰው ሊለው አይገባም። የግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት በፍል ውሃም በጸበልም ምክንያት አይቋረጥም። እምነትና መድኃኒት አይጣሉም፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። መድኃኒታችሁን በሻንጣው ግርጌ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ለሁለት ቀን የሚሆን ትርፍም ጨምሩበት።

ጣና ዳር

«የጣና ገዳማት ሴት አያስገቡም» ተብሎ ሚስት ከጀልባ የምትቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። እውነት የሆነው በከፊል ነው። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና በዚሁ በምሥራቁ ወገን ያለው ጣና ቂርቆስ የወንዶች ናቸው፤ ይህ ሥርዓታቸው ነውና ይከበር። ዘጌ ላይ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ ደቅ ደሴት አጠገብ ያለው ናርጋ ሥላሴ ግን ሴትም ይገባባቸዋል። ናርጋን ያሠሩት በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው የሚታዩትም እሳቸው ናቸው። ጥንዶች ጀልባ ሲከራዩ ከባለጀልባው ጋር ቀድመው ሁለቱም የሚገቡበትን ይምረጡ። አንዱ ጎብኝቶ ሌላው ወደብ ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚውልበት ጉዞ ጥንዶችን አያሳርፍም።

«ጣና እኮ እምቦጭ ጨርሶታል» ይባላል። እምቦጭ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ በመገጭ ወንዝ መግቢያ ነው፤ የሚያጠቃውም በዋናነት የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻውን፣ ደንቢያንና ፎገራን ጨምሮ ነው። ችግሩ ከባድ ነው፤ ሐይቁ ግን ከ3 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አልሞተም። መዋኘትን በተመለከተ «የሚፈስስና የሚንቀሳቀስ ውሃ በሽታ የለውም» የሚለው ሐሰት ነው። በጣና ዳርቻ ብልሃርዝያ አለ። ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይለቀቅና በቆዳ በኩል ይገባል፤ ውሃው ጥርት ብሎ መታየቱ ምንም አይለውጥም። ከገባችሁ ከሳምንታት በኋላ ተመርመሩ፤ ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይድናል። ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ ሰው አይነካም የሚሉትንም አትመኑ፤ ሲመሽና ሲነጋ በሣሩና በውሃው መካከል ከቆማችሁበት አደገኛ ነው።

«ቅርብ ስለሆነ ያስተማምናል»

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ አንባቢዬን እንደ መክዳት ይሆንብኛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሳው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል፤ መንገድም በተደጋጋሚ ተዘግቷል። የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ የዚህ አካል ነው። ርቀት ደኅንነት አይደለም፤ 35 ኪሎ ሜትሩም እንደ 350 ሊሆን የሚችልበት ቀን አለ። ትናንት ሰላም ነበር ማለት ዛሬም ሰላም ነው ማለት አይደለም። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ሐሙሲት ወይም ወረታ ላለ የምታምኑት ሰው ደውሉ፤ መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ መንገድ የገባ ሾፌር ጠይቁ፤ በቀን ተጓዙ፤ መታወቂያ ያዙ፤ ልጆቹን የያዘው ዘመድ አንድ ቀን ብትዘገዩ እንዳይደነግጥ ንገሩት። «አይሆንም» ካሏችሁ እዚያው ባሕር ዳር ልጆቹን ለዘመድ ሰጥታችሁ፣ ስልካችሁን ዘግታችሁ ቤታችሁ ውስጥ እረፉ። ምግቡን ገዝታችሁ ብሉ። ዕረፍቱ ያኔም ዕረፍት ነው።

«ለአንድ ሌሊት ወባ አይዝም»

የፎገራ ሜዳ የወባ ሀገር ነው። ከፍታው ከባሕር ዳር እምብዛም ባይለይም የሩዝ ማሳው፣ ረግረጉና ውሃ የቋጠረው ጉድጓድ ለትንኟ መራቢያ ይመቻል። ወባ የሚበረታው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ማለትም ወፉም አዝመራውም የሚያምርበት፣ እናንተም የምትሄዱበት ወቅት። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. መካከል በሀገሪቱ በተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ታሞ ወደ 150 ሺሕ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። አያቶቻችን ቆላ ወርዶ ማደርን የፈሩት ያለምክንያት አልነበረም።

ለመታመም አንዲት የተበከለች ትንኝ፣ አንድ ንክሻ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርት መብላትና አረቄ መጠጣት ወባን አይከላከልም፤ የሰከረ ሰው እንዲያውም አጎበሩን ሳይዘረጋ ይተኛል። ሸንኮራ አገዳና የበቆሎ እሸት ወባ ያመጣል የሚባለውም እውነት አይደለም፤ እሸቱ የሚደርሰውና ትንኟ የምትበዛው በአንድ ወቅት ስለሆነ ነው አንዱ በሌላው የተሳበበው። የሚከላከለው በኬሚካል የተነከረ አጎበር ነው፤ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ይግባ። ማታ በረንዳ ላይ ስትቀመጡ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ የሚቀባ መከላከያ ካላችሁ ተቀቡ። ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች ወባ ለእሷም ለፅንሱም ከሌላው ሰው ይልቅ ስለሚከፋ፣ በጥቅምትና በኅዳር ከምትሄዱ ጥርን ጠብቁ።

ከተመለሳችሁ ከሰባት ቀን በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ወይም ማስታወክ ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ስጡ። የምትኖሩት አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ከሆነ «ሐሙሲት አድረን ነበር» ብላችሁ ለባለሙያው ንገሩ፤ ካልነገራችሁት ስለ ወባ ላያስብ ይችላል። አንዳችሁ ብቻ ብትታመሙም ሌላችሁ ተመርመሩ፤ ያደራችሁት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። የታዘዘውን ክኒን ትኩሳቱ ስለለቀቀ አታቋርጡ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዝርያ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል፤ በሚያዝያ የያዛችሁ ትኩሳት ከጥቅምቱ ጉዞ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ያኔም ቢሆን የሄዳችሁበትን ቦታ ስም ጥሩ።